የእትዬ የሺ ሳፋ

ደበበ ስልክ የሚደውልልኝ በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ በዓል ሲሆን፣ ወይ ሰው ሲሞት። በዓሉ ካለፈ ሰንብቷል። ስለዚህ ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ገና ሳላነሳው ሰው እንደሞተ አወቅኩ።

«እትዬ የሺ አረፉ» አለኝ። «ማታ በሰላም ተኝተው በዚያው ቀሩ።»

እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ንቦቹስ?» የሚል ነበር።

ደበበ ገሠጸኝ። «ሰውዬ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር አይባልም እንዴ?»

አፈርኩ። ነፍስ ይማር አልኩ፤ እንባዬም ያን ጊዜ መጣ። ደበበ ሃያ ዓመት ሙሉ መርካቶን በጀርባው የተሸከመ ሰው ነው፤ የሰው ሐፍረትም አይከብደውም። ጥያቄዬን አልረሳብኝም። «ሱቁን የምትረከበው ልጃቸው ትዕግሥት ናት» አለኝ። «ንቦቹን ሰው ጠርታ ልታስነሳቸው ነው ይባላል። ታውቃት የለ፣ ድሮም ልታያቸው አትወድም።»

እኔ ያን ቀን ወልቂጤ ነበርኩና ለቀብሩ አልደረስኩም። ለሠልስቱ ግን እደርሳለሁ ብዬ በዕለቱ ማለዳ ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ ለትዕግሥት የምላትን ሳዘጋጅ መጣሁ። ለልቅሶ የሚሄድ ሰው ማጽናኛ ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ልመና ይዤ ነበር የምሄደው። ንቦቹን ስጪኝ፣ አትበትኛቸው ልላት።

እትዬ የሺ ማን እንደነበሩ ልናገር።

ከራጉኤል ጀርባ፣ ማርና ቅቤ በሚሸጥበት ረድፍ መጨረሻ ላይ የሳቸው ሱቅ ነበር፤ ከሱ ቀጥሎ የኔ። እሳቸው ማር ይሸጣሉ፣ እኔ ያገለገለ ጀሪካንና በርሜል። አሥራ ሰባት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖርን። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ እሳቸው ሲቆጡ ጀሪካኖቼ ይንቀጠቀጡ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የተዋወቅነው በኔ ጥፋት ነው። ገና የመጀመሪያ ሳምንቴ ነበር። ከማር ነጋዴዎች የሰበሰብኳቸውን ጀሪካኖች ሳጥብ አረፈድኩ። ጀሪካን ውስጥ የቀረ ማር በቀላሉ አይለቅም፤ ሞቅ ያለ ውኃ ጨምረህ ትንጠዋለህ፣ ከዚያ ያንን ጣፋጭ ውኃ ሳፋ ላይ ገልብጠህ ለሚቀጥለው ጀሪካን ታቆየዋለህ። መርካቶ ውስጥ ውኃ እንደ ልብ አይደለም፤ የሚደፋ ነገር የለም። ሳፋውን በረንዳው ላይ ትቼ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

ስመለስ ውኃው አይታይም። ላዩን ቡናማ ነገር ሸፍኖታል። ነፋስ ያመጣው ገለባ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ስል ንብ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ክንፉ ተጣብቆ፣ ገሚሱ እየተንፈራገጠ፣ ገሚሱ ዝም ብሎ። ከሳፋው አጠገብ አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት ቁጢጥ ብለዋል። በሻይ ማጥለያ እየጨለፉ ያወጧቸዋል፣ በንጹሕ ውኃ ያለቀልቋቸዋል፣ ከዚያ ጆንያ ዘርግተው ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል። ልክ እህል እንደሚያሰጣ ሰው።

ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ጠጋ አልኩና ከጆንያው በላይ ቆምኩ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣

«ዞር በል! ፀሐዩን አትከልክላቸው» አሉኝ።

ከእትዬ የሺ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ዞር አልኩ። ቆሜ ሳይ፣ ሞታለች ያልኳት አንዷ እግሯን አነሳች። ከዚያ ፊቷን በፊት እግሮቿ መጥረግ ጀመረች፣ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ ዓይኑን እንደሚያሸው። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ሦስት አራቱ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ገሚሶቹ ተነስተው በረሩ። ክንፋቸው አሁንም የተጣበቀውን እትዬ የሺ በወረቀት ሰብስበው ከሱቃቸው ጀርባ ወደነበረው ቀፎ ወሰዷቸው። «እህቶቻቸው ልሰው ያጸዷቸዋል» አሉ። ጆንያው ላይ የቀሩት ግን ቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ዞር ብለው ያዩኝ። «እነዚህን የገደልካቸው አንተ ነህ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ክፋት የለብህም፣ የጨዋ ልጅ ትመስላለህ። ግን የገደልካቸው አንተ ነህ።»

ሰው ሰድቦኝ ያውቃል። እንደዚያ ቀን ግን ሳልሰደብ ተሸማቅቄ አላውቅም። ከሱቃቸው አንድ እፍኝ ጭድ ይዘው መጡና ሳፋዬ ላይ በተኑት። «ንብ ውኃ የምትጠጣው ቆማ ነው፣ እንደ ዳክዬ ልትዋኝ አትገባም። መቆሚያ ስጣት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭድ ያልተበተነበት ሳፋ በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። የሳቸውማ ሳፋ ከሱቁ ጀርባ፣ ከቀፎው ፊት ለፊት፣ በጋ ከክረምት ጭዱ እንደተንሳፈፈበት ይውል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ውኃውን ይለውጣሉ። ጸሎታቸውን እንኳ ከዚያ በኋላ ነበር የሚያደርሱት።

ደግ ሴት ነበሩ ብዬ በአጭሩ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን ደግነታቸው እሾህ ነበረው። ማሩን ቀምሶ «ስኳር የለበትም አይደል?» የሚል ገዢ ከመጣ እቃውን ከእጁ ይቀሙታል። «ሂድ፣ ስኳር ተራ ከዚያ ማዶ ነው!» ይሉታል። ባለመኪና ይሁን ባለ ቁምጣ ግድ የላቸውም። ከማር በርሜላቸው ግን የገባችውን ንብ ሁሉ ሳያወጡ ክዳን አይዘጉም። ደበበ አንድ ቀን ሊያሾፍባቸው ብሎ ውኃ ሳፋው ውስጥ የወደቀች ዝንብ አሳያቸው።

«ይቺንስ ምን ልናደርጋት ነው እትዬ?»

እትዬ የሺ ዝንቧን በጭድ አወጧት። «ውጪ አንቺ ቆሻሻ!» አሏት። «ነፍስ ነሽና ምን ላድርግሽ!» ደበበ እስከ ዛሬ ይህን እየሳቀ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠሉት ግን ነፋስን ነበር። የየካቲትና የመጋቢት ነፋስ መርካቶ ውስጥ ከየት እንደሚነሳ አይታወቅም፤ በአንዱ ጠባብ መንገድ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ አቧራውንና ፌስታሉን ያግበሰብሳል፣ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። በእንደዚያ ያለ ቀን ንቦቹ ከየት ከየት የለቀሙትን ይዘው ሲመለሱ ነፋሱ ከግድግዳ ያላትማቸዋል፤ መሬት ይወድቁና እግርና ጋሪ ይረግጣቸዋል። እትዬ የሺ የማዳበሪያ ጆንያዎች ቀጣጥለው ሰፍተው ከቀፎው በስተነፋሱ በኩል እንደ መጋረጃ ሰቅለው ነበር። «ነፋስ ይከለላል እንጂ አይከሰስም» ይሉ ነበር። ይህን አነጋገር ከማንም አልሰማሁትም፤ የራሳቸው ይመስለኛል።

አንድ ቀን ደበበ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ መንገዱ ላይ ጎንበስ ብለው የወደቁ ንቦች ሲለቅሙ አገኛቸው። «ምን ሆነው ነው መብረር ያቃታቸው?» አላቸው።

«ስትወጣ ባዶዋን ናት፣ ነፋሱን ትችለዋለች» አሉት። «የሚጥላት ስትመለስ ነው። ተጭናለቻ!»

«እንደኔ በሉኛ።»

«አንተማ ሲብስብህ ሸክምህን ትጥላለህ። እሷ አትጥልም፤ አብራው ትወድቃለች እንጂ።»

ደበበ ጆንያውን እንደተሸከመ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ ሲያልፍ እግሩን እያየ ነው የሚራመደው። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹም ተሸካሚዎች እንደዚያው ሆኑ። እነዚህ ሰዎች «ዞር በል!» እያሉ ለሰው እንኳ መንገድ የማይለቁ ናቸው።

አንድ ጊዜ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ጠየቅኳቸው። ቀፎው ያለው አንድ ነው፤ ዓመት ሙሉ የሚሰጠው ማር ለቤታቸው እንኳ አይበቃም። የሚሸጡት ማር ከገጠር ነው የሚመጣላቸው። ያን ጊዜ ነው የጎጃሙን ታሪክ የነገሩኝ።

አባታቸው ንብ አናቢ ነበሩ። ሲሞቱ መሬቱ ለወንዶቹ ልጆች ሆነ፣ በሬዎቹም እንዲሁ። ለየሺ፣ ያውም ሴት ልጅ ቀፎ አትነካም እየተባለ፣ አንዲት ትንሽ ቀፎ ደረሰቻቸው። ወጣቷ የሺ የቀፎዋን አፍ በሻሽ አሰሩ፣ በነጠላ ጠቀለሉ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው ከኋላ ወንበር ጭናቸው ላይ አጋደሟት። ረዳቱ «ምንድን ነው?» ሲላቸው «ዶሮ ነው» አሉ። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ በረታና ንቦቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ቄስ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

«ልጄ፣ ዶሮሽ ዳዊት ይደግማል እንዴ?»

እትዬ የሺ ይህን ሲያወሩ እስኪያለቅሱ ይስቁ ነበር። ቄሱ ግን አላጋለጧቸውም፤ እንዲያውም መስኮቱን ከፍተው ውኃቸውን ሰጧቸው። የሺ ሻሹን እያረጠቡ፣ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ አውቶቡስ ተራ ደረሱ። ረዳቱ ሊያግዛቸው ቀፎዋን ሊያነሳ ጎንበስ አለና የሰማውን ሰምቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

«ከአባቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አሉኝ ሳቃቸውን ጨርሰው። «እነዚህ ያለቁ ቀን አባቴ ሁለተኛ ይሞትብኛል። ገባህ?»

ገባኝ። ትዕግሥት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረላትም። እሷ ከንቦቹ ጋር እናት ተካፍላ ያደገች ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ቀን ጠዋት ያ የተረገመ ነፋስ ተነሳ፤ እናቷ የወደቁትን ሲለቅሙ ሰዓቱ አለፈባቸው፤ ሲደርሱ ሥነ ሥርዓቱ አልቋል። ነጠላቸው ላይ ጭድ ተጣብቆ ነበር። የምረቃዋ ፎቶ ላይ እናቷ የሉም። ባንክ ገብታ መሥራት ከጀመረች በኋላም ሱቅ ስትመጣ ከደጅ ቆማ ነበር የምትጣራው፤ ወደ ጀርባ አታልፍም። አንድ ቀን ለኔ፣ «እናቴ እኔ ውኃ ውስጥ ብወድቅ መጀመሪያ ንቦቹን አውጥታ ነው የምትመጣው» ብላኛለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አሁን ቀፎዋ ወደተገለበጠችበት ቀን ልምጣ። መጋቢት ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ ጠቆረና መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። የማዳበሪያውን መጋረጃ ቦጭቆ ወሰደው። ከዚያ የሱቁን የኋላ ቆርቆሮ ገነጠለና ቀፎዋን ከነመደቧ ገለበጣት። በረዶ የቀላቀለው ዝናብ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ቀፎዋ ተንከባልላ ከኋላችን ባለው ቦይ ውስጥ ገባች፤ ቦዩ ደግሞ ሞልቶ መንገዱን ይዟል።

እትዬ የሺ ያን ጊዜ ስልሳ አምስት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቦዩ ውስጥ ገቡ። ደበበ ተከትሏቸው ዘሎ ባይገባና ቀፎዋን ከጎርፉ ባይጎትታት ኖሮ ንቦቹንም እሳቸውንም አጥተን ነበር። በረንዳዬ ላይ አወጣናት። ጭቃና እበት የተለሰነው ቀፎ ረጥቦ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። የማር እንጀራው ተሰባብሯል። ንቦቹ ተጠቅልለው በክምር በክምር ይወድቃሉ፣ ከበረዶው ጋር ተቀላቅለዋል።

ትዕግሥት የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። እናቷን ወደ ቤት ልትወስድ ከባንክ ነው የመጣችው፤ ተረከዙ ረጅም ጫማ አድርጋለች፣ ዣንጥላ ይዛለች።

«እማዬ! በሞቴ ተዪው! ብርድ ይገድልሻል!»

«ነይና ዣንጥላሽን ያዢላቸው!»

«ለማን?»

«ለነሱ ነዋ!»

ትዕግሥት እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ዣንጥላውን ንቦቹ ላይ ዘረጋች። እያለቀሰች ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«ሸምሱ!» አሉኝ እትዬ የሺ። «ጀሪካን ቁረጥልኝ! ዘይት ያልነካው፣ ጋዝ ያልሸተተው!»

ሁለት መቶ የሚሆን ጀሪካን ነበረኝ። መርካቶ በጎርፍ ስትወሰድ እኔ አንድ በአንድ ጀሪካን እያሸተትኩ ቆሜ ነበር። ያየኝ ሰው ሁሉ አብዷል ብሏል። በመጨረሻ አንድ ቢጫ ባለ ሃያ ሊትር አገኘሁ፤ አንገቱን ቆርጬ በሚስማር በሳሳሁትና አመጣሁት። እትዬ የሺና ደበበ ንቦቹን በእጃቸው እየዘገኑ ሞሉበት። ደበበ በተነደፈ ቁጥር ይሳደባል፤ እሳቸው ደግሞ «አትሳደብ፣ ፈርተው ነው» ይሉታል። ግን የንቦቹ ንግሥት፣ አውራዋ፣ አልተገኘችም። አውራዋ ካልተገኘች ሌሎቹ ቢተርፉም በሳምንታት ውስጥ እየመነመኑ ያልቃሉ። እትዬ የሺ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከስብርባሪው ውስጥ ይፈልጋሉ። ያን ያህል ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። «አባዬ፣ አባዬ» እያሉ ነበር።

«እማዬ» አለች ትዕግሥት። ድምፅዋ ተለውጧል። «ይቺ ረዘም ያለችውስ?»

ከተሰበረ የማር እንጀራ ሥር ናት። አትንቀሳቀስም። እትዬ የሺ ሊያነሷት ጣታቸውን ዘረጉና መለሱት።

«የኔ እጅ በረዶ ሆኗል። አንቺ ያዢያት።»

«እኔ?»

«ያንቺ ሞቃት ነው። ሁለት እጅሽን ግጠሚና እፍ በይባት። ኃይለኛ አይደለም፤ እጅ የምታሞቂበትን ትንፋሽ።»

ዣንጥላውን እኔ ተቀበልኳት። ትዕግሥት አውራዋን በሁለት መዳፏ መካከል አስገብታ አንገቷን ደፍታ መተንፈስ ጀመረች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ደበበ እንኳ መሳደቡን ተወ። እናትየው የልጃቸውን እጅ ያያሉ፤ ዝናቡ በፀጉራቸው ይወርዳል። እንዲህ ስንቆም ስንት እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ትዕግሥት፣ «ወይኔ፣ ኮረኮረችኝ» አለች።

እትዬ የሺ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከዝናቡ ስለማይለይ ማንም አላወቀብኝም። አውራዋን ጀሪካኑ ውስጥ ስታስገባት ከውስጥ አንዷ ወጥታ የትዕግሥትን የዓይን ሽፋን ነደፈቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ባንክ የሄደችው ባበጠ ዓይን ነው። «ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር አላየውም!» ብላ ማለች፤ መሐላዋንም ስትጠብቅ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጀርባ ስታልፍ አይቻት አላውቅም።

ጀሪካኑ ለጊዜው ነበር የታሰበው። ንቦቹ ግን ወደዱት። እትዬ የሺ ጭቃ ለስነው፣ ጆንያ አልብሰው ተዉላቸው። «የመርካቶ ንብ እንዲህ ናት፣ ያገኘችው ውስጥ ትኖራለች» ይሉ ነበር። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ሱቄን ትቼ ስወጣ የሰነባበትነው ከዚያ ቢጫ ጀሪካን ፊት ነው። ያን ቀን አልመረቁኝም። «በሄድክበት ሳፋህን አትርሳ» ብቻ አሉኝ።

ለሠልስቱ የደረስኩት ከረፋዱ ላይ ነው። ጠዋት ዘንቦ ገና ማባራቱ ነበር፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ድንኳኑ ግን ገና ይንጠባጠባል። ትዕግሥት የለችም። ሁለት ሴትዮዎች ያንሾካሹካሉ፤ የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ወደ ሱቅ ሮጠች፣ የዛሬ ልጅ ምን ልቅሶ ያውቃል ይላሉ። ንቦቹን ልታስነሳ የሄደች መሰለኝ። ደበበም በዓይኑ ሂድ አለኝ። ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ እየሮጥኩ ደረስኩ ማለት ይቻላል። የፊት በሩ ተዘግቷል። በጎን ባለው ጠባብ መግቢያ ወደ ኋላ ዞርኩ።

ትዕግሥት ቁጢጥ ብላለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አስቀምጣዋለች። ሳፋው ውስጥ ውኃው ንጹሕ ነው፤ ላዩ ላይ አዲስ ጭድ ተንሳፍፏል። ቢጫው ጀሪካን በቦታው ነው። ከፊቷ አንድ ጆንያ ተዘርግቶ ዝናቡ የጣላቸው ሰባት ስምንት ንቦች ተደርድረውበታል። እሷ በእጇ አንድ ጭድ ይዛ ዘጠነኛዋን ከሳፋው ታወጣለች።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። ጠጋ አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ትዕግሥት፣ አላህ ያጽናሽ። ስለ ንቦቹ ልለምንሽ ነበር…»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ዞር በል» አለችኝ። «ፀሐዩን አትከልክላቸው።»

ዞር አልኩ።